በጅማ የተሠራ የታንኳ መሸከሚያ ቀንበር፦ እንጨቱን ውሰዱ፣ ትራሱን ንቀሉ

ቀንበር ሥራልኝ የተባለ የጅማ አናጢ መጀመሪያ የሚታየው በሬ ነው። በኦሮምኛ ዋንጆ ቢሉትም ያው ነው። ስለዚህ በቃል ብቻ ያዘዘ ሰው ሁለት በሬ የሚችል፣ ለሰው ትከሻ ግን የማይሆን ወፍራም ግንድ ተሸክሞ ሊመለስ ይችላል። እዚህ የምንገመግመው በካርቶን ልክ ታዝዞ ከከተማዋ የእንጨት ሥራ ቤቶች በአንዱ የተሠራ፣ በታንኳው መሀል ከጠርዝ ጠርዝ በአግድም የሚታሰር፣ ታንኳውን ገልብጦ በትከሻ ለመሸከም የሚያገለግል የዋንዛ ቀንበር ነው። እንጨቱ ግሩም ነው፤ አገጣጠሙ ስህተት አለበት፣ ግን ይታረማል፤ ትራሱ ተነቅሎ መጣል አለበት።

ታንኳ ሲባል የጣናው የደንገል ታንኳ እንዳይመስል። የምናወራው ካኖ ስለሚባለው፣ ሁለቱም ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ላዩ ክፍት ስለሆነው ነው። አየር የሚነፋውም አይደለም፤ እሱ ተንፍሶ ተጠቅልሎ ይታዘላል፣ ቀንበር አያሻውም። ገላው ጠንካራ የሆነው ግን ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ርዝመቱም ስለሚያስቸግር ያለ ቀንበር ሩቅ አይወሰድም። 5 ሜትር ገደማ የሚረዝም ታንኳ ኬቭላር ከሚባለው ቀላልና ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር ከተሠራ 20 ኪሎ አካባቢ ነው፤ አልሙኒየም ሲሆን 30 ኪሎን ያልፋል፤ ወፍራም ፕላስቲክ ሲሆን 35ም ከዚያ በላይም ይመዝናል። ይህ ቀንበር የተገጠመለት ታንኳ የፋይበር ግላስ ሲሆን 4.9 ሜትር ይረዝማል፣ 27 ኪሎ ይመዝናል።

ዕቃው የተለመደው ሐይቅና ሐይቅ ተጎራብተው በተደረደሩበት አገር ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ባውንዳሪ ዋተርስ፣ በካናዳ ኦንታሪዮ አልጎንኩዊንና ኩዌቲኮ ፓርኮች ቀዛፊው ሐይቁ ሲያልቅበት ታንኳውን ገልብጦ በትከሻው ላይ ያደርግና በድንጋይና በሥር መሀል አልፎ ወደ ቀጣዩ ሐይቅ ይሻገራል። ባውንዳሪ ዋተርስ ላይ ይህ የሸክም መንገድ እስከ ዛሬ የሚለካው ሮድ በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ሮድ 5 ሜትር ከ3 ሳንቲም፣ የአንድ ታንኳ ቁመት ያህል መሆኑ ነው። 320 ሮድ አንድ ማይል ይሞላል። በድሮ ጊዜ የፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ተሸካሚዎች 13.7 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው ግራንድ ፖርቴጅ በተባለ የሸክም መንገድ ላይ 41 ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ሁለት ሁለቱን በግንባር ጠፍር እየተሸከሙ ይመላለሱ ነበር። 

ጅማ ዙሪያ እንዲያ ያለ የሐይቅ ሰንሰለት የለም። ያለው ከመኪና መንገድ ወደ ጊልገል ጊቤ ግድብ ውኃ የሚያወርደው ቁልቁለት፣ በግድቡ ሁለት ክንዶች መካከል ምላስ መስሎ የገባው መሬት፣ የቦዬ ረግረግ ዳርቻ ነው። ርቀቱ አጭር ይሁን እንጂ ለሸክም አይናቅም። ጊልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው፤ የኃይል ማመንጫ ግድብ ደግሞ ውኃው በበጋ ይሸሻል። በመስከረም ከሣሩ ጫፍ የሚጀምር ውኃ በሚያዝያ ጭቃውን አስጥቶ ወዲያ ማዶ ይሆናል። ያንን ጭቃ ታንኳ እየጎተቱ ማለፍ የታንኳውን ሆድ ያስፍቃል፣ ለሁለት ይዞ ማለፍ አንዱ ሲያዳልጠው ሌላውን ይጥላል። በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያለ ቀንበር ከሁለቱም ይሻላል።

ወደ እንጨቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጅማ ታውቅበታለች። ከአንድ ግንድ ያለ ምስማርና ያለ ኮላ በርጩማ የሚፈለፍል እጅ ለአንገት የሚሆን ጎድጓዳ ለማውጣት አይቸገርም። የተሠራው ቀንበር 87 ሳንቲም ሜትር ይረዝማል፣ ጫፎቹ ላይ 6፣ መሀሉ ላይ 8 ሳንቲም ይሰፋል፣ ውፍረቱ 2.4 ነው። ያለ ትራስ 800 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመሮ ይመቻል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙም አይጣመምም። በዚሁ ልክ ከባሕር ዛፍ ቢሠራ ከ1 ኪሎ በላይ ይሆናል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ አናጢው ረክሶ የተገኘውን ባሕር ዛፍ ቢያቀርብ እሺ አትበሉት። ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በሕግ ከተከለከሉት ዛፎች አንዱ ስለሆነ ጣውላው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም። ለዚህ ሥራ ደግሞ አዲስ ጣውላ የግድ አይደለም፤ ከአሮጌ አልጋ ወይም ከፈረሰ በር የወጣ ዋንዛ እንዲያውም ይመረጣል፣ ለዓመታት ደርቋልና።

የመድረቁ ነገር በጅማ አየር ቀልድ አይደለም። በልማድ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ለመድረቅ አንድ ዓመት ይፈልጋል ይባላል፤ ክረምቱ በሚረዝምበት አገር ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ደረቅ ነው የሚለውን ቃል ከመቀበል ጣውላውን በሚዛን መዝኖ፣ ምድጃ ባለበት ቤት አንድ ሳምንት አስቀምጦ፣ እንደገና መመዘን ነው። ክብደቱ ከቀነሰ ገና እርጥብ ነው። በእርጥቡ የተበሳ ቀዳዳ እንጨቱ ሲደርቅ ቦታውን ይለቃል፣ ቀንበሩም ይጣመምና አንዱ ትከሻ ብቻ ሸክሙን ይቀበላል።

ሌላው የእንጨቱ ጉዳይ የጭረቱ አቅጣጫ ነው። ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። የአንገቱ ጎድጓዳ በጣም ሲጠልቅ ጭረቱ እዚያው ላይ ይቆረጣል፤ ቀንበር የሚሰበረውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እዚያ ነው፣ ያውም ሸክሙ ከፍ ሲል ወይም ሰውየው ከድንጋይ ላይ ዘሎ ሲወርድ። ጎድጓዳው ከተፈለፈለ በኋላ ቢያንስ 5 ሳንቲም ሙሉ እንጨት መቅረት አለበት። እኛ ባየነው ላይ 5.5 ቀርቷል፤ ይበቃል። ጉጥ ደግሞ ከአንገቱ አካባቢ መራቅ አለበት። በተገመገመው ላይ አንድ ጉጥ አለ፣ ነገር ግን ጫፉ አጠገብ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ 7 ሳንቲም ርቆ ነው፤ አያሰጋም።

ቅሬታው የሚጀምረው ከማጠናቀቂያው ነው። ቫርኒሹ ላዩን ያብረቀርቃል፤ ሁለቱ የተቆረጡ ጫፎች ግን ሳይቀቡ ቀርተዋል። እንጨት ውኃ የሚጠጣው በዋናነት በተቆረጠው ጫፉ ነው፤ ያ ጫፍ ደግሞ ከታንኳው ጠርዝ ሥር ስለሚገባ ረጥቦ ይቆያል፣ ቶሎም አይደርቅም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ የተልባ ዘይት ሦስት ጊዜ መቀባት፣ በእያንዳንዱ መሀል አንድ ቀን ማስደረቅ። ዘይቱ የተነከረበትን ጨርቅ አጨማድዶ ጥግ መጣል አይገባም፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨማደደ ጨርቅም በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። የአንገቱ ጠርዝም በሹሉ ቀርቷል፤ በመዳፍ ሲነካ የማይቆረቁር እስኪሆን መሞረድ አለበት።

ትልቁ ስህተት ግን ቀዳዳው ነው። ሥራ ቤቱ የታንኳውን ርዝመት በሜትር ለክቶ፣ ለሁለት ከፍሎ፣ ልክ ግማሹ ላይ በሳ። ሚዛን ግን በሜትር አይገኝም። የመቀመጫው ቦታ፣ የገመዱ ክብደት፣ የፊትና የኋላው ውፍረት ሚዛኑን ከግማሹ ያርቁታል። በዚህ ታንኳ ላይ እውነተኛው ሚዛን ከቀንበሩ 4 ሳንቲም ወደ ፊት ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ አፍንጫው ወደ መሬት የሚደፋ ታንኳ ነው፤ ተሸካሚው ከጫማው ጫፍ ሌላ አይታየውም።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። መቀመጫውም ገመዱም በቦታቸው ሆነው ታንኳው ሳይገለበጥ አንድ ክብ አጣና ላይ በአግድሙ ይቀመጣል፤ ወዲህ ወዲያ እየተገፋ ወደ አንዱም የማይወድቅበት ቦታ ሲገኝ ጠርዙ ላይ በከሰል ምልክት ይደረጋል። የቀንበሩ አንገት ከዚያ ምልክት ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ወደ ፊት ይውላል፤ ያኔ ኋላው በጥቂቱ ይከብድና አፍንጫው ቀና ይላል። ከዚያ በላይ ማራቅ ጥሩ አይደለም። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 27 ኪሎ በ2 ሳንቲም ቢዛባ፣ እጅ ደግሞ ከትከሻ 60 ሳንቲም ያህል ፊት ለፊት ጠርዙን ቢይዝ፣ እጅ ወደ ታች የሚስበው 900 ግራም ብቻ ነው፤ ክንድን ማሳረፍ ራሱ ይበቃዋል። ልዩነቱ 5 ሳንቲም ቢሆን ግን ከ2 ኪሎ በላይ ሳያቋርጡ መሳብ ይመጣል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ክንዱ ይዝላል። ስለዚህ ሥራ ቤቱ ቀንበሩን ብቻ ይሥራ፣ አይብሳ። ቀንበሩን በሁለት ሞርሳ ለጊዜው አጣብቆ፣ አንሥቶ፣ ሃያ እርምጃ ሄዶ፣ ከዚያ መብሳት።

ሲበሳም በየጎኑ ሁለት ቀዳዳ፣ ከጫፉ ቢያንስ 3 ሳንቲም ገባ ብሎ። ሁለቱ በአንድ የጭረት መስመር ላይ ከዋሉ እንጨቱን እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቁታል፤ ሰያፍ መሆን አለባቸው። ብሎኑ 6 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 7፤ እንጨት በክረምት ሲያብጥ መላወሻ ይፈልጋል። ከላይና ከታች ሰፊ ሮንዴላ ይገባል። ሥራ ቤቱ የተጠቀመው የእንጨት ብሎን፣ ማለትም ዳዶ የሌለውን ነው፤ ይህ ከሁለት ሦስት ሸክም በኋላ ይላላል፣ ከላላ በኋላም ቀዳዳው ስለሚሰፋ ማጥበቅ አይቻልም። በዳዶ የሚታሰር ብሎን ከማንኛውም የብረታ ብረት ሱቅ ይገኛል፣ የማይዝግ ከተገኘ እሰየው።

ትራሱ። ሥራ ቤቱ እንደ ሶፋ አስቦ ለስላሳ ስፖንጅ በፕላስቲክ ቆዳ ጠቅልሎ በትንንሽ ምስማር መታው። በሱቅ ሲጫኑት ይመቻል። ሸክሙ ሲያርፍበት ግን አምስት ሳንቲም የነበረው ስፖንጅ ጠፍጣፋ ይሆንና ትከሻ እንጨቱ ላይ ይቀራል፤ የምስማሩ አናትም ይሰማል። ፕላስቲክ ቆዳው በላብ ይንሸራተታል፣ ቀንበሩም በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ አንገት ይጠጋል። መሸከሚያ ትራስ መጠንከር አለበት፣ በአውራ ጣት በኃይል ሲጫን ከግማሽ በላይ የማይሰምጥ። ጅማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው መልስ የነጠላ ጫማ ሶል ነው፦ ወፍራሙን ገዝቶ፣ 10 በ12 ሳንቲም ቆርጦ፣ ሦስት ድርብ በኮላ አጣብቆ በሸራ ጨርቅ መሸፈን። ጨርቁ በእንጨቱ ዙሪያ ተጠምጥሞ በመርፌ ይሰፋ፤ ምስማር አይግባበት።

በሁለቱ ትራሶች መሀል ያለው ክፍተት ከትራሱ ጥራት ያላነሰ ነገር ነው። ጠባብ ከሆነ የአንገት ጅማት ይጫናል፣ ሰፊ ከሆነ ሸክሙ የትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ሁለቱም ከአምስት ደቂቃ በላይ አያስሄዱም። የአንገት ወርድ ተለክቶ በየጎኑ 2 ሳንቲም ይጨመርበታል፤ ለብዙ ሰው 16 ሳንቲም አካባቢ ይመጣል። ሥራ ቤቱ 22 አድርጎታል። ምናልባት የበሬው ነገር ከሐሳቡ አልወጣ ይሆናል።

ትራሱ ተቀይሮ፣ ቀዳዳው ታርሞ ከተሞከረ በኋላ ቀንበሩ ያለ ጥርጥር ሥራውን ይሠራል። ሳያርፉ 15 ደቂቃ ያስኬዳል፣ አይንጫጫም፣ አይተጣጠፍም። የሚያደክመው ማንሣቱ ነው፤ እሱንም ብልሃት ያቀለዋል። ለሁለት ከሆነ አንዱ የተገለበጠውን ታንኳ ከአፍንጫው ይዞ ያነሣል፣ ኋላው መሬት ላይ እንደቆመ ይቆያል፤ ሁለተኛው ከሥሩ ገብቶ ትከሻውን ከቀንበሩ ጋር አጋጥሞ ይነሣል። ለብቻ ከሆነ ታንኳው በጎኑ ቆሞ ሆዱ ወደ ሰውየው ይዞራል፤ ጉልበቱን አጥፎ ወደ ጭኑ ይስበዋል፣ በአንድ እጁ ቀንበሩን መሀሉ ላይ ይይዛል፣ በሌላው የማዶውን ጠርዝ፤ አንዴ ሁለቴ ወዘወዝ አድርጎ በጉልበቱ ገፋ ሲያደርገው ታንኳው ተገልብጦ ከራሱ በላይ ይወጣል። ወገብን አጉብጦ በክንድ ብቻ ያነሣ ሰው በማግሥቱ ያስታውሰዋል። ማውረዱ የዚሁ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ጭን እንጂ ወደ መሬት አይጣልም።

መቅዘፊያዎቹ ታንኳው ውስጥ በከመነዳሪ ቁራጭ ይታሰራሉ፣ ግን እኩል ተካፍለው፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ከታሰሩ ሚዛኑን እንደገና ያበላሻሉ። ሌላው ጓዝ ለብቻው ነው። በሁለት ዙር የሚወሰድ ከሆነ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር እግር ይሆናል፣ ሁለቱን ተሸክሞ አንዱን ባዶ እጅ፤ ሰዓት ሲታሰብ ይህ ይረሳል።

በጅማ መንገድ ላይ ቀንበር የማይፈታው ነገር አለ። ታንኳ የደፋ ሰው የሚያየው ፊቱን ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፤ ድምፅም ከታንኳው ሆድ እየተንጸባረቀ ስለሚደርሰው ከየት እንደመጣ አይለይም። በቡና ጥላ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ከዛፍ የተሰቀለ ቀፎ በታንኳው አፍንጫ መምታት ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ታንኳ ደግሞ ቶሎ አይጣልም። ቦዬም ሆነ ግድቡ ላይ ጉማሬ አለ፤ ጉማሬ ወደ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ በእሱና በውኃው መሀል የተገኘን አይምርም። ስለዚህ ባዶ እጁን ከፊት የሚሄድ ሰው የቅንጦት አይደለም፤ መንገዱንም ተሸካሚው ሳይሆን እሱ ይመርጠው። የሸክም ጉዞ ከረፋዱ ተጀምሮ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ማለቅ አለበት። ቀዩ አፈር ከዝናብ በኋላ እንደ ሳሙና ስለሚያዳልጥ ጥርስ ያለው ቦት ጫማ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ወደ ጎን እየረገጡ መውረድ። በነፋስ ቀን 5 ሜትር የሚጠጋ ገላ እንደ መርከብ ሸራ ነፋስ ስለሚይዝ ገላጣ ኮረብታ ላይ ሰውየውን ያዞረዋል፤ ያኔ አውርዶ መጠበቅ ነው። የረጋ ውኃ ዳር በባዶ እግር መቆም ቢልሃርዚያ ሊያስይዝ ስለሚችል ታንኳው የሚወርድበት ቦታ ላይም ጫማው አይውለቅ።

ዋጋው በክርክር ነው፣ አብዛኛውም የእጅ ሥራ እንጂ የእንጨት አይደለም፤ ስለዚህ ቀዳዳውና ትራሱ ይቅርብኝ ብሎ ማስቀነስ ይቻላል፣ ማስቀነስም ይገባል። ነገ ይደርሳል የተባለው በሳምንቱ ከደረሰ እንደ ፈጣን ይቆጠር። ለማዘዝ የሚሄድ ሰው ይዞት የሚሄደው የካርቶን ልክ፣ የታንኳው ውስጣዊ ወርድ፣ የአንገቱ ልክ ነው። ከኬቭላር የተሠራ ቀላል ታንኳ ላለው ሰው ይህ ቀንበር ከበቂ በላይ ነው፤ ውፍረቱን ወደ 2 ሳንቲም ማስቀነስ ይችላል። 35 ኪሎ የሚመዝን የፕላስቲክ ታንኳ ያለው ግን 2.8 ያስደርገው፣ የአንገቱ ቅሪትም ወደ 6 ይደግ። ከመጀመሪያው ሸክም በኋላ ደግሞ ዳዶዎቹን ሩብ ዙር ያጥብቃቸው፤ አዲስ እንጨት ሮንዴላው ሥር መስመጡ አይቀርም።